የግሪክ ፊደል ከየት መጣ? (እርማት)

ወንድሜ፣ «ፊደልን ከባዶ ተነስተው የፈጠሩት ግሪኮች ናቸው» ያልከው ብዙ ሰው የሚደግመው ስህተት ነው። ፊደሉን የወሰዱት በዛሬዋ ሊባኖስ ጠረፍ ይኖሩ ከነበሩት ነጋዴዎች፣ ከፊንቃውያን ነው፤ ጊዜውም 8ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ። ግሪኮች ራሳቸው አልደበቁትም፤ የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ «የፊንቄ ፊደላት» ይላቸዋል።

ስሞቹን እስቲ አድምጣቸው። «አልፋ» እና «ቤታ» በግሪክኛ ከፊደል ስምነት ያለፈ ትርጉም የላቸውም። በፊንቄ ቋንቋ ግን የመጀመሪያው በሬ፣ ሁለተኛው ቤት ነው። አዎ፣ የእኛው «ቤት»! ክቧ «ኦ» እንኳ መነሻዋ «ዐይን» የሚባል ፊደል ነው፤ ግዕዛችንም «ዐ»ን እስከ ዛሬ «ዐይን» ይላታል።

የግሪኮች ትልቅ ሥራ ሌላ ነው፤ ፊንቃውያን የሚጽፉት ተነባቢ ብቻ ስለነበር፣ በግሪክኛ ድምፅ ያልነበራቸውን ፊደላት ለአናባቢ አዋሏቸው።