እኔ ስመጣ ማን ረዳኝ?

ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ አንዲት ልጅ ወደ እኔ መጣች። ሜሪላንድ ከገባች ገና አራት ወሯ ነው። ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ እንዳላት ነገረችኝና አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝ። "እትዬ፣ የማውቀው ሰው አጠገቤ ቢኖር ብዬ ነው" አለች። ሥራ አለብኝ አልኳት፤ ይህስ እውነት ነበር። ያስከተልኩት ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። "ሆስፒታሉ አስተርጓሚ ያቀርብልሻል። ደግሞ ብቻሽን መልመድ አለብሽ፤ እኔ ስመጣ ማን ረዳኝ?"

በስደት አገር አንድ ዓመት የኖረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይህችን አነጋገር ያውቃታል። እኔም በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሥራ የት እንደሚገኝ ብጠይቅ፣ ቀድማኝ ከመጣች የአገሬ ሴት ሰምቻታለሁ። ያን ዕለት የአውቶቡስ መስኮት ላይ ተደግፌ እያለቀስኩ ነው ወደ ማደሪያዬ የተመለስኩት። እኔስ ለማንም እንዲህ አልልም ብዬ ነበር። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ በዚያው ቃና ከራሴ አፍ ወጣች። ስትሰማ ሰውን ማጠንከሪያ ምክር ትመስላለች። እኔ ግን ወጌሻ ሳያየው የገጠመ አጥንት ታስታውሰኛለች፤ መራመድስ ያራምዳል፣ እግሩ ግን ጠማማ ነው።

መከራ ሰውን ሩኅሩኅ ያደርገዋል ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬአለሁ። ሰባኪውም ይለዋል፣ ሐዘን ቤት የሚመጣው አስተዛዛኝም ይለዋል። በእኔ ትዝብት መከራ ብቻውን ማንንም አያራራም። አንድ በረሃ አቋርጠው፣ አንድ የመጠለያ ጣቢያ አልፈው የመጡ ሁለት ወንድሞች እዚሁ ከተማ አሉ። የአንዱ ሳሎን ለአዲስ መጪ ሁሉ ማደሪያ ነው። የሌላው ቤት ምን እንደሚመስል ያየ ሰው አላውቅም። ልዩነታቸው ከምን እንደመጣ የጠረጠርኩት ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን የሁለተኛውን መልእክት መጀመሪያ ደግሜ ሳነብ ነው፦ "እኛ ራሳችን በእግዚአብሔር በምንጽናናበት መጽናናት በመከራ ሁሉ ያሉትን ማጽናናት እንችል ዘንድ በመከራችን ሁሉ ያጽናናናል።" ለሌላው የሚተላለፈው የተጽናናንበት መጽናናት ነው እንጂ ያለቀስነው እንባ አይደለም። ታዲያ ያልተቀበለ ሰው ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ተቀብሎ የረሳውስ? እኔ ከረሱት ወገን ነኝ።

እናቴ ደሴ ላይ ያረፈችው የጥገኝነት ጥያቄ አቅርቤ ውሳኔ በምጠብቅበት ጊዜ ነው። በዚያ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ሸሽቼዋለሁ ወዳለው አገር ቢመለስ ጥያቄውን እንደተወ ይቆጠርበታል። ስለዚህ መሄድ የሚባል ነገር አልነበረም። መርዶውን የሰማሁት ቅዳሜ ንጋት ላይ ነው። ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሬ ላይ ሲቆሙ፣ ገና አንድ ቃል ሳይናገሩ ገባኝ። እናቴ የተቀበረችው ግን ማክሰኞ ኖሯል። አራት ቀን ሙሉ ከተማው ሲያውቅ እኔ ብቻ አላወቅሁም፤ የዕረፍት ቀኔን ሲጠብቁልኝ ነው። አንደኛዋ ወደ አገር ቤት እየደወለች የእናቴን ፎቶ ፌስቡክ ላይ እንዳይለጥፉ ዘመዶቼን ስትለምን ሰንብታለች። ያኔ ይህ ሁሉ አልታየኝም። "መርዶም በሥራ ፈረቃ ይነገራል?" ብዬ ጮኽኩባቸው።

ይነገራል። ሰኞ ማታ ሥራ መግባት ነበረብኝ፣ ገባሁም። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አሠሪውን የሐዘን ፈቃድ ስጥ ብሎ አያስገድደውም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ መስፈርቱን ለሚያሟላ ሠራተኛ የታመመ ወላጁን እንዲያስታምም እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ይፈቅዳል፤ ወላጅየው ከሞተ በኋላ ላለው ሐዘን ግን ቦታ የለውም። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ 3 የሥራ ቀን ከነክፍያው ተጽፏል። ለእናት ሦስት ቀን ይበቃል ማለቴ አይደለም። ቢሆንም ሕጉን ያረቀቀው ሰው እናት እንደምትሞት አስታውሷል።

ሦስቱ ሴቶች ቅዳሜና እሑድ ቤቴን በሰው ሞሉት። ሽሮውን ሠሩ፣ ሳህኑን አጠቡ፣ ለአገር ቤት ተዝካር የሚሆን ገንዘብ በፖስታ ሰበሰቡ። እሑድ ማታ ሁሉም ሄዱ፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሥራ አለባቸው። ማጽናኛቸውም የለመድነው ነው፦ "ለበጎ ነው"፣ "ዕድሜ ጠግበው ነው የሄዱት"፣ "አሁንስ በቃሽ፣ አታልቅሺ"። ይህን እኔም ለስንቱ ብያለሁ። በራስ ላይ ሲደርስ ነው "ለበጎ ነው" ማለት አፍ መዝጊያ ጨርቅ መሆኑ የሚታወቀው።

የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ነው፤ የነርስ ረዳት ነኝ። ያን ሰኞ ሌሊት ከማስታምማቸው አንዲት አሮጊት ዘንድ ገባሁ። ዘጠና ሊሞላቸው የተቃረቡ፣ እጃቸው በሪህ የተቆለመመ፣ እንቅልፍ እምቢ የሚላቸው ሴት ነበሩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው (በእኛ አቆጣጠር ነው የምናገረው፤ ይህን ልማድ አልተውኩም)። ትራሳቸውን ሳስተካክል ፊቴን አዩና "ማን ሞተብሽ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ወንበሩን ስቤ እንድቀመጥ አዘዙኝና ያን የተቆለመመ እጃቸውን እጄ ላይ ጣሉት። ምንም አላሉም። እግዚአብሔር ያውቃል አላሉም፣ በርቺ አላሉም። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲሁ ተቀመጥን። የጥሪ ደወል ባይጠራኝ ከዚያ የምነሣ አይመስለኝም ነበር።

በሌላ ሌሊት እንዴት እንዲህ ማድረግ እንደቻሉ ጠየቅኋቸው። ልጃቸው ቬትናም ውስጥ ሞቶ ነበር። ቴሌግራሙ የደረሳቸው ሳምንት አንዲት ጎረቤታቸው መጥታ፣ ምንም ሳትናገር፣ ያልተተኮሰ ልብሳቸውን ከቅርጫት አውጥታ መተኮስ ጀመረች። በማግስቱም መጣች። አንድ ወር ሙሉ በየምሽቱ እየመጣች የቤቱን ልብስ ሁሉ ተኩሳ ስትጨርስ የተተኮሰውን ደግማ ተኮሰችው። "እኔም ልብስሽን ብተኩስልሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ እንጂ" አሉኝ። ጸጋ ያልሠሩበት ስጦታ ነው ብለው መምህራን ሲያስተምሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ልንከባከባቸው በሰዓት የሚከፈለኝ እኔ ነበርኩ። ያን ሌሊት ያለ ክፍያ የተንከባከቡኝ እርሳቸው ናቸው።

የኢዮብ ሦስት ወዳጆችም መጀመሪያ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሕመሙ እጅግ ብርቱ እንደሆነ አይተዋልና ከእነርሱ አንድ ቃል የተናገረው አልነበረም። አፋቸውን የከፈቱ ዕለት ነገሩ ሁሉ ተበላሸ።

በሥራዬ ምክንያት የአንዲት እንግሊዛዊትን ታሪክ ተምሬአለሁ። ሲስሊ ሳንደርስ ትባላለች። ነርስ ነበረች፤ የጀርባ ሕመም ከሥራዋ አስወጣትና በሆስፒታል የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1948 ለንደን ውስጥ ዴቪድ ታስማ የሚባል ፖላንዳዊ አይሁዳዊ በካንሰር ሊሞት ሲያጣጥር አገኘችው። ወገኑ የራቀው ስደተኛ ነው። እየሄደች አጠገቡ ተቀመጠች። ሲሞት 500 ፓውንድ ተወላት፤ ወደፊት በምትሠሪው ቤት ውስጥ መስኮት እሆናለሁ ብሏት። መስኮቷ ቤት እስኪሠራላት 19 ዓመት ጠበቀች። ሳንደርስ በመካከሉ ሕክምና ተምራ ሐኪም ሆነች፤ በ1967 ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማን የሚስታመሙበትን ቤት፣ ቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን፣ ከፈተች። ለሚሞት ሰው ሕመሙን እያስታገሱ እስከ መጨረሻው አብሮ የመቆየት ሙያ፣ ዛሬ በብዙ አገር የተስፋፋው፣ አንዱ ምንጩ ያ ስደተኛ የተኛበት አልጋ ነው። ባዕድ አገር ሆኜ ይህን ስሰማ በጣም ነው የነካኝ።

አሜሪካኖች ደግሞ ነገሩን በሕግና በቁጥር አስረውታል። ሜዲኬር በሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን የሚከፈለው ሆስፒስ፣ ለሕሙማን ከሚሰጠው የእንክብካቤ ሰዓት ቢያንስ 5 በመቶ የሚያህለውን በበጎ ፈቃደኞች መስጠት አለበት። ሰውየው ከሞተም በኋላ ቤተሰቡን እስከ አንድ ዓመት ይከታተላል። ደሴ ላይ ይህን ለእናቴ ጎረቤቶች ባወራላቸው፣ አምስት በመቶ ምን ማለት ነው ብለው ይስቁብኛል። እዚያ የሚከፈለው ማን ነውና!

ወረቀቴን አግኝቼ እርሜን ላወጣ የሄድኩት እናቴ ካረፈች ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ከመኪና ስወርድ ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ትናንት የሞተች ይመስል እንደ አዲስ አለቀስን። ስድስት ዓመት የተጠራቀመ ነገር ነበረብኝ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ። የእናቴ የቡና ጓደኛ የነበሩት ሙስሊም ጎረቤታችን አንገቴን አቅፈው "ዓይኗን የከደንኩላት እኔ ነኝ ልጄ፤ በአንቺ እጅ ፋንታ ነው" አሉኝ። ከዚህ በላይ ማጽናኛ ሰምቼ አላውቅም። "ለበጎ ነው" የሚለውንም ያን ቀን አምስት ጊዜ ሰማሁ፤ ምንም አልመሰለኝም።

አገር ቤትን ግን እንደ ገነት ሥዬ አልለፍ። ከእኛ ሦስተኛው ግቢ የአእምሮ ሕመም ያለበት ወጣት ልጅ ያላት ሴት አለች። ለእኔ እርም ድንኳን የተከለው ሠፈር የእርሷን ደጃፍ ሲያልፍ ድምፁን ይቀንሳል። እድሩ ለሞት ጥሩምባ ያስነፋል፣ ቀብር የቀረውን ይቀጣል። በኤች አይ ቪ ዘመን የታመሙትን ማስታመምና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት የጀመሩ እድሮችም አሉ፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል። ለማያልቅ ሕመም ግን ጥሩምባ አይነፋም፤ ሰልስትም ዐርባም የለው። ይባስ ብሎ "ምን ሠርታ ይሆን?" የሚል ጥያቄ ይከተላታል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ኃጢአት የሠሩት ያሉትን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተውነውም፤ ጌታ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ ከመለሰ ስንት ዘመኑ። እንዲህ ያለችው እናት እኔ በምሠራበት ከተማ ብትኖር ሐኪምም የእናቶች መሰብሰቢያም ልታገኝ ትችላለች፣ የሚያንሾካሹክባትም ላይኖር ይችላል። ቡና ጠርቶ የሚያስገባትም እንዲሁ።

በዚያው በወሎ ምድር፣ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው ሌላ ሰው ሆነው የተመለሱትን አበበች ጎበናን አስታወስኩ። አባታቸው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሞተው አያቶቻቸው ያሳደጓቸው፣ በልጅነታቸው ከተዳሩበት ቤት ያመለጡ ሴት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980 በመንገዳቸው ረኃብ የፈጃቸውን አይተው ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። በዚህ ምክንያት ትዳራቸው ፈረሰ፤ ልጆቹ ግን እየበዙ ሄዱ። "እኔን ማን ረዳኝ?" ለማለት ከእርሳቸው የበለጠ ማን ምክንያት ነበረው? እርሳቸው ያስታወሱት አያቶቻቸውን ይሆናል ብዬ እገምታለሁ፤ ግምቴ ብቻ ነው።

ልጅቷን የመለስኩባት እሑድ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ ስመጣ ማን ረዳኝ? ብዬ ራሴን እንደ ምርመራ ጠየቅሁ። አራት ቀን አፋቸውን ዘግተው የከረሙት ሦስቱ ሴቶች። አሮጊቷ። እርሳቸው እንኳ ፊቷን ያላሳዩኝ፣ ልብስ የምትተኩሰዋ ጎረቤት። የእናቴን ዓይን የከደኑት። ገና በመጣሁ ሰሞን፣ ስሙን የማላውቀው፣ በዝናብ አይቶኝ ሳይጠራጠር በሩን የከፈተልኝ የታክሲ ነጂ። ያቺን "ማን ረዳኝ" ያለችኝን ሴት ደግሞ አሰብኳት፤ እርሷን የረዳ ሰው በእውነት አልነበረ ይሆን? ጠይቄአት አላውቅም።

ስልኳን ከሰው ተቀብዬ ለልጅቷ ደወልኩ። በትሕትና፣ ግን ከሩቅ ነው ያነጋገረችኝ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ፣ በአውቶቡስ ሄጄ ደርሼ መጣሁ፤ ጨርሻለሁ" አለች።

"ሌላ ቀጠሮ አልሰጡሽም?"

ትንሽ ዝም አለች። "ሰጥተውኛል። ሐሙስ በሦስት ሰዓት።"

"በእኛ ነው በእነርሱ?"

ሳቀች። "በእነርሱ ነው እትዬ፤ ከምሳ በኋላ።"