ኮሽ ሳይል የሚሄድ ሰው

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ጓደኛዬ አሸተተኝ። ከአንገቴ ጀመረ፣ ወደ ብብቴ ወረደ፣ ከዚያ ቀና ብሎ በሐዘን አየኝ።

"ሳሙና ነክተሃል።"

አልካድኩም። ሰው ከቤት ሲወጣ ይታጠባል። "ሠርግ የምንሄድ መሰለህ እንዴ?" አለኝ። በዚህ ሰዓት ለሠርግም አልነሳ።

የምንሄደው አጋዘን ልናድን ነው። እሱ ለዓመታት ያደነ ሰው ነው። እኔ እስከዛሬ ያደንኩት የጠፋ የቤት ቁልፍ ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ባለ ነጭ ጅራቷን አጋዘን የሚያድን ሰው ብዙውን ጊዜ ዛፍ ላይ ከተተከለ ማማ ላይ ወጥቶ ይጠብቃታል። ከመሬት አምስት ስድስት ሜትር ከፍ ይላል። ጥበቡ ያለው እዚያ ላይ ተቀምጦ ማነጣጠሩ ላይ ይመስለኝ ነበር። ለካ ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው ከመኪናው እስከ ማማው ባለችው መንገድ ላይ ነው።

ለምን በሌሊት? በአብዛኞቹ ግዛቶች ሕጉ መተኮስ የሚፈቅደው ፀሐይ ልትወጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀራት ጀምሮ ነው። እስከዚያ ድረስ አንተ ወጥተህ፣ ተቀምጠህ፣ ትንፋሽህን ሰብስበህ፣ ጫካውም መምጣትህን ረስቶ መጠበቅ አለብህ። አጋዘኗ ደግሞ ሌሊቱን ሜዳ ላይ ስትግጥ ታድራለች። ጎህ ሲቀድ ጋደም ብላ ልታመነዥክ ወደ ጫካው ትመለሳለች። ስለዚህ በሜዳው አቋርጦ መሄድ ማለት ሰው እራት እየበላ ሳለ ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ እንደማለፍ ነው። ቀን ቢሆን በሜዳው ስምንት ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ዙሪያ ጥምጥም አርባ ደቂቃ ልንሄድ ነው።

ከመነሳታችን በፊት ጓደኛዬ ዱቄት ያለበት ትንሽ ጠርሙስ አውጥቶ ጭምቅ አደረገ። ዱቄቱ ብን ብሎ ወደ ኋላችን ሄደ። ደስ አለው። ነፋሱ ከፊት ከመጣ ጠረናችን ወደ ኋላ ይቀራል ማለት ነው። ግን ነፋስ ብቻ አይደለም። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል፤ ፀሐይ ስታሞቀው ደግሞ ሽቅብ ይነሳል። በገደሉ አፋፍ ከሄድን የእኔ ሳሙና ከእኔ ቀድሞ ሸለቆው ውስጥ ይገባል። "አጋዘኗ አንተን ሳታይ ምን ሳሙና እንደምትገዛ ታውቃለች" አለኝ። ዘመድ እንኳ እንዲህ አያውቀኝም።

የልብሱ ነገር ደግሞ ይብሳል። እሱ ከላይ እስከ ታች የሚያንጸባርቅ ብርቱካናማ ለብሷል። መንገድ የሚጠግን ሠራተኛ ነው የሚመስለው። በብዙ ግዛቶች በጠመንጃ አደን ወቅት ግዴታ ነው፤ ሌላው አዳኝ አጋዘን መስለኸው እንዳይተኩስብህ። እኔ ግን ብልጥ ነኝና ከጨለማው ጋር ይመሳሰላል ብዬ ጥቁር ሰማያዊ ጂንስ ለብሼ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ ብቻ ደርቤ መጣሁ። ለካ የአጋዘን ዓይን ብርቱካናማንና ቀይን በደንብ አይለይም፤ ሰማያዊን ግን ከእኛ አብልጦ ያያል። "ልብስ ያደምቃል" የሚባለው የዱቄት ሳሙናም ለእሷ ዓይን የሚያበራ ነገር አለው። እንግዲህ እሱ የማይታይ ሆኖ፣ እኔ አምፖል ሆኜ ተነሳን።

አካሄዱን አስተማረኝ። ሰው ሲሄድ ጧ፣ ጧ፣ ጧ ይላል። እንደዚያ ሳያቋርጥ የሚረግጥ ሌላ አውሬ ጫካ ውስጥ የለም። አጋዘን ጥቂት ትራመዳለች፣ ትቆማለች፣ ታዳምጣለች፣ እንደገና ትራመዳለች። ስለዚህ ሦስት እርምጃ፣ ማቆም። አራት እርምጃ፣ ማቆም። እግርን ቀስ አድርጎ ማሳረፍ፣ ከሥር ጭራሮ መኖሩን መዳበስ፣ ከዚያ ክብደትን መጣል። ካፖርትን ተሸክሞ እንጂ ለብሶ አለመሄድ፤ ያልባል፣ ላብ ይሸታል። የሚጎተት ዚፕ ሁሉ መኪናው ጋ ተዘግቶ ያልቃል። ባትሪው ቀይ ብርሃን ነው፣ እሱም ወደ መሬት።

ሁሉንም አደረግኩ። አንድ ችግር ብቻ ነበር። በቆምን ቁጥር ጓደኛዬ ያስተምራል።

በሹክሹክታ ነው፣ እውነት ነው። ግን የሰው ሹክሹክታ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ቴሌቪዥን እየጮኸ የተኛ ሕፃን "እሽሽ፣ እንዳይነሳ" ሲባል ይነሳል። ስብሰባ ላይ ተናጋሪው ሳይሰማ ከኋላ ወንበር የሚንሾካሾኩት ሁለት ሰዎች ይሰማሉ። አምሽቶ የገባ ባል ጫማውን በእጁ ይዞ በጣቱ ሲሄድ ቤቱ ውስጥ ያለ ወንበር ሁሉ መንገዱ ላይ ወጥቶ ይጠብቀዋል። ጸጥታ የሚያስከብር ሰው ያለበት ቦታ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። "ዝም በሉ" የሚለው ሰው ዝም ያለበትን ቀን አላስታውስም።

"ተረከዝህን" ይለኛል። ሦስት እርምጃ። "አሁን ነፋሱን አስተውል።" አራት እርምጃ። "ባለፈው ዓመት እዚህ ጋ አንድ ትልቅ ቀንዳም..." ታሪኩ አላለቀም፤ ተራምደን፣ ቆመን፣ ቀጠለ። ጅረቷ ጋ ስንደርስ ውሃው ውስጥ ለውስጥ ወሰደኝ። ውሃ ድምፅም ይሸፍናል፣ ጠረንም አያስቀርም። ብልህ ሐሳብ ነው። ማዶ ጭቃው ላይ ስንወጣ ቆመን ብልህነቱን ራሱ አብራራልኝ። ረጅም ማብራሪያ ነበር።

ከዚያ የሸረሪት ድር ፊቴ ላይ ተለጠፈ። ኮሽ ሳልል እንዴት እንደሄድኩ ብዙ አውርቻለሁና ያደረግኩትን ጭፈራ አልገልጽም።

ወዲያው ከጨለማው ውስጥ "ፍፍፍፍ!" የሚል ድምፅ ፈነዳ። አንድ ሰው የብስክሌት ጎማ በቢላዋ የወጋ መሰለኝ። አጋዘን ስትደነግጥ በአፍንጫዋ እንዲህ ትነፋለች፤ በአካባቢው ላለ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው። መሬቱን በእግሯ ደቃችው፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ነጭ ጅራቷንም ሰቅላ ይሆናል፣ እኔ አላየሁም። ድርቅ ብለን ቆምን። ምን እንደሆንን ካልለየች ልትረጋጋ ትችላለች አለኝ። የነገረኝ በሹክሹክታ ነው። ሄደች።

ማማው ሁለት ሰው ይይዛል። መውጣቱ ላይ ጓደኛዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አቆመ። ከማማ መውደቅ አዳኞችን በጣም ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ ነው፤ የደህንነት ቀበቶውን ከመሬት ሳንነሳ ከገመዱ ጋር አያያዘ። ጠመንጃው ጥይት ሳይኖረው ታች ቀርቶ በኋላ በገመድ ተጎተተ። ከዚያ ተቀመጥን። ጫካው ነጋ። አንዲት ሽኮኮ ደረቅ ቅጠል ላይ ስትሄድ ዝሆን የመጣ መሰለኝና ጉልበቱን ጨበጥኩት። ረፋድ ላይ ሌላ ሽኮኮ መጣች። እንግዲህ ያየነው ይኸው ነው።

ወረድን። አሁን የሚያስጨንቅ ነገር የለም፣ በሙሉ ድምፃችን እያወራን ተመለስን። ጅረቷ ጋ ስንደርስ ጓደኛዬ በድንገት ቆመ።

ጭቃው ላይ የሌሊቱ ዱካችን አለ። የእሱ ቦት፣ የእኔ ቦት። በቦቶቹ ላይ፣ በትክክል ከላይ፣ ልብ የሚመስል የአጋዘን ኮቴ ታትሟል። ከውሃው ወጥታ በእኛ ዱካ ተከትላናለች። ጓደኛዬ ያን ረጅም ማብራሪያ በሰጠኝ ቦታ እሷም ቆማለች። ብዙ ረግጣለች፤ ሳይሰለቻት አልቀረም። ከዚያ እንደገና ወደ ማማው አቅጣጫ ጥቂት ተራምዳ፣ በዝግታ ወደ ጥሻው ገብታለች።

ጓደኛዬ ተንበርክኮ ኮቴዋን በጣቱ ለካው። ግራ ቀኝ አየ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣

"ሳሙናው ነው" አለኝ።