እርማት፦ ነፃው ጉልበቱ እንጂ ሥራው አይደለም

ሰላም ለሁላችሁም። «ተፋሰስ ልማት (ተዳፋትን በእርከንና በችግኝ ከመሸርሸር የመጠበቅ ሥራ) በሕዝብ ጉልበት ስለሚሠራ ከከተማም ከወረዳም በጀት አይፈልግም» የሚል ሐሳብ ደሴ ላይ ሲደጋገም አያለሁ። ትክክል አይደለም። በነፃ የሚገኘው ጉልበቱ ብቻ ነው። እርከኑን ሕዝቡ ይክባል፤ ቦረቦር ውስጥ የሚቀመጠው ጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) ግን ሽቦው በገንዘብ ይገዛል። እንደ ጦሳ ተራራ ካለ ተዳፋት ደራሽ ጎርፍ በሚወርድበት ቦታ ደግሞ ልቅ ድንጋይ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይቆምም። ችግኝ ጣቢያም ዘር፣ የችግኝ ፕላስቲክና የሠራተኛ ደመወዝ አለበት።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሕዝቡ ለሥራው የሚወጣበት ዘመቻ ግን በአብዛኛው ጥርና የካቲት ላይ ነው። «በጀት አያስፈልገውም» ብለን በበጀት ዝግጅቱ ወቅት ዝም ካልን፣ ሕዝቡ ዶማና አካፋ ይዞ ሲወጣ ሽቦው አይኖርም። ደለሉም በቦርከና ወንዝ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ የታች ወንድሞቻችንም ጉዳይ ነው።

ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ምክር ቤቱ ያጸደቀውን በጀት ከፋይናንስ መሥሪያ ቤቱ ይጠይቅ፤ በግብርና ሥር ለተፈጥሮ ሀብት የተያዘውን ይመልከት። በሪፖርት ላይ በብር ተተምኖ የሚጻፈው የኅብረተሰብ ተሳትፎ የጉልበት ግምት ስለሆነ፣ ከተመደበ ጥሬ ገንዘብ ጋር እንዳይምታታባችሁ።