ውድድሩ ሲቃረብ እናትን ከአዳራሽ ማስወጣት ዝግጅት አይባልም

ልጄ የምትሠለጥንበት የጂምናስቲክ ማሠልጠኛ ባለፈው ሳምንት ለወላጆች ሁሉ ደብዳቤ ልኳል። የልጆቹ የመጀመሪያ ውድድር አራት ሳምንት ብቻ ስለቀረው ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ወላጆች ልጆቻቸውን በር ላይ አድርሰው እንዲመለሱ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ያለው የወላጆች መቀመጫም ውድድሩ እስኪያልፍ ድረስ ዝግ እንዲሆን መወሰኑን ይገልጻል። የተሰጠው ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ልጆች ወላጅ ሲያያቸው ይጨነቃሉ፣ ሲጨነቁም ይወድቃሉ የሚል። ቀደም ብሎ በተጠራው የወላጆች ስብሰባ ላይ ዋና አሠልጣኟ ይህንኑ ሐሳብ ይበልጥ አክርረው፣ «ለመጀመሪያ ውድድር ከሁሉ የሚበልጠው ዝግጅት እናት አጠገብ አለመኖሯ ነው» ብለውናል። ማሠልጠኛው እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ያለና ብዙ የሐበሻ ልጆች የሚመላለሱበት ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ደብዳቤውን ግን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ባነበብኩት ቁጥርም የባሰ አናድዶኛል።

በመጀመሪያ «ልጅ ሲያዩዋት ትወድቃለች» የሚለውን እንመልከት። ውድድር ማለት እኮ መታየት ነው። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ በመቶ የሚቆጠር ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ መካከል ብቻዋን ትቆማለች፤ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ ለዳኛዋ ሰላምታ ትሰጣለች፤ ከዚያ በኋላ የጉልበቷ መታጠፍ፣ የእግር ጣቶቿ አለመዘርጋት ሳይቀር ከአሥር ነጥብ ላይ እየተቀነሰ ይመዘገባል። ከወደቀች ግማሽ ነጥብ ይቀነስባታል፤ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ተነሥታ መጨረስ ግን ይጠበቅባታል። ቢም የሚሉት የሚዛን መጠበቂያ አግዳሚ ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ለውድድር የሚቆምበት ከፍታ ደግሞ 1 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ልጄ ከአጠገቡ ስትቆም በቁመት እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። እዚያ ላይ ወጥታ በእንግዳ ሰዎች ፊት ራሷን እንድትችል የሚፈለግ ልጅ፣ አራት ሳምንት ሙሉ ማንም በማያያት ክፍል ውስጥ እንድትለማመድ ማድረግ በየትኛው ስሌት ነው ዝግጅት የሚባለው? የእናቷ ዐይን ካስደነገጣት የማታውቃት ዳኛ ዐይን ምን ሊያደርጋት ነው? ደግሞስ በውድድሩ ዕለት እነዚያው የተባረሩት ወላጆች ሁሉ ስልካቸውን ደግነው ፊት ለፊት ሊቀመጡ አይደለም ወይ? አንድ ወር ሙሉ ያላየቻቸውን ሰዎች በድንገት ከፊቷ ስታገኝ ነው ልጅ የምትደነግጠው።

ዝግጅት ሲባል አሠልጣኝ የምታውቀው አለ፣ እናት የምታውቀው አለ። የጸጉሯን ነገር ላንሣ። ማሠልጠኛው ጸጉር ሁሉ ወደ ኋላ ተሰብስቦ እንዲጠቀለል ይፈልጋል። የልጄ ጸጉር ግን እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቿ በአንድ ማበጠሪያና በአንድ ስፕሬይ የሚሰበሰብ አይደለም፤ ታጥቦ፣ ቅባት ጠጥቶ፣ ተከፍሎ ሹሩባ ሲሠራ ነው የሚያዘው፤ እሱም ሁለት ሰዓት ይፈጃል። መጀመሪያ ላይ የሹሩባውን ጫፍ ሁሉ አናቷ ላይ ጠቅልዬ አስሬላት ነበር፤ አምሮባትም ነበር። ልምምዷን ስመለከት ግን ወደ ፊት በተገለበጠች ቁጥር ጥቅሉ ምንጣፉን እየመታ አንገቷን ወደ ጎን ሲያዘነብለው አየሁ። አሠልጣኟ «አገጭሽን ወደ ደረትሽ» እያሉ ደጋግመው ያርሟታል፤ ልጅቷን ያስቸገራት ግን ጸጉሯ ነው። በማግሥቱ ጥቅሉን ፈትቼ ሹሩባውን ከራሷ ጋር አጣብቄ ሠራሁት፣ ጫፎቹንም ጠፍጣፋ አድርጌ በጸጉር መርፌ አስያዝኳቸው፤ ሐሙስ ዕለት ያለ ምንም እርማት ቀጥ ብላ ተገለበጠች። አሠልጣኟ ችሎታ ስለጎደላቸው አይደለም ይህን ያላዩት፤ አሥራ ሁለት ልጅ በአንድ ጊዜ የሚጠብቅ ሰው የአንዷን ጸጉር ማየት አይችልም። እኔ ደግሞ የማየው አንዷን ብቻ ነው።

ከመቀመጫው ሆነው የሚጮኹ፣ ከአሠልጣኝ በላይ አሠልጣኝ የሚሆኑ፣ ልጃቸው ስትሳሳት በእጃቸው ፊታቸውን የሚሸፍኑ ወላጆች መኖራቸውን አልክድም። እንዲህ ያለውን ሰው ጠርቶ መገሠጽ፣ እምቢ ካለም እሱኑ ማስወጣት ይቻላል። በአንድ ሰው ጩኸት ሃያ ቤተሰብን መቅጣት ግን ሥራን ለማቅለል የተደረገ ነው፤ ለልጆቹ ታስቦ የተደረገ ነው ብሎ ማንም እንዲያሳምነኝ አልፈቅድም።

በተለይ የእኛን ልጆች በተመለከተ ይህ ውሳኔ አደገኛ ነው የምለው በራሴ ቤት ካየሁት ተነሥቼ ነው። ባለፈው ኅዳር አንድ ምሽት ልጄ ከአግዳሚ ብረቱ ላይ ወርዳ የቀኝ እጇን አንጓ በግራ እጇ ጨብጣ ከጀርባዋ ደበቀችው። አሠልጣኟ «ደኅና ነሽ?» ሲሏት በፈገግታ ራሷን ነቀነቀች። ወዲያው ግን ዞር ብላ ወደ መስታወቱ፣ ወደ እኔ ተመለከተች፤ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። ተነሥቼ ገባሁ። ሐኪሙ በእጅ አንጓዋ ውስጥ አጥንቱ በሚያድግበት ቦታ ላይ ጫና እንደበዛ ነግሮን ለሦስት ሳምንት በእጇ እንዳትቆም፣ ብረትም እንዳትይዝ አዘዘ። በመኪና ውስጥ ለምን እንዳልተናገረች ስጠይቃት የሰጠችኝን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ «ኮች እያወራች ስለነበር ነው እማዬ» አለችኝ።

ይህን መልስ ያስተማርናት እኛ ነን። ትልቅ ሰው ሲናገር አይቋረጥም፣ አስተማሪ እምቢ አይባልም፣ እንግዳ ሰው ፊት አይለቀስም እያልን ነው ልጆቻችንን የምናሳድገው፤ በዚህም አላፍርም፣ ጨዋ ልጅ ማሳደግ ያኮራል። ነገር ግን ከዚህ ቤት ወጥታ ወደ ማሠልጠኛው የምትገባው ልጅ «አመመኝ» የሚለውን ቃል ለባዕድ ትልቅ ሰው ለመናገር የሚከብዳት ልጅ ናት። እሷ በአፏ የማትናገረውን በዐይኗ ነው የምትናገረው፤ ያንንም የሚያነበው የወለዳት ሰው ነው። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገራችን ሰው፤ የልጅ ዝምታ ግን ይነቅዛል። በልምምዱ ላይ አንድ ሰው ሊኖር የሚገባው ከሆነ እንግዲህ ዝም እንድትል ተደርጋ ያደገችው ልጅ እናት ናት፤ ይህን ለማወቅ የጂምናስቲክ ዳኛ መሆን አያስፈልግም።

ከደብዳቤው ይልቅ ያሳዘነኝ ግን ከእኛው መካከል የሰማሁት ነው። በስብሰባው ላይ አንድ ወንድማችን ተነሥተው፣ «እኛ ስለዚህ ስፖርት ምን እናውቃለን? ሩጫ ቢሆን ኖሮ እንናገር ነበር፤ ይህንን ለሚያውቁት እንተወው» አሉ፤ ብዙ ሰውም ራሱን ነቀነቀ። ለእኒህ ወንድማችን የምመልሰው ይህ ስፖርት በዚሁ አገር ካለፈበት መከራ ነው።

ላሪ ናሳር የአሜሪካ ጂምናስቲክ ቡድን ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ሚሺጋን ውስጥ ከ40 እስከ 175 ዓመት እስራት ሲፈረድበት ከ150 የሚበልጡ ሴቶችና ልጃገረዶች የፈጸመባቸውን ወሲባዊ ጥቃት በችሎቱ ተናግረዋል። ከእነዚህ ሴቶች አንዳንዶቹ ጥቃቱ ሲፈጸምባቸው እናቶቻቸው እዚያው ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ ሰውየው እናቶቹ እንዳያዩ በሰውነቱ እየጋረደ ነበር። «እንግዲያውስ የእናት መኖር ምን ጠቀመ?» የሚለኝ ሰው ይኖራል። እነዚያ እናቶች ግን የተሸነፉት ልክ እኛ በስብሰባው እንደተባልነው «እሱ ያውቃል፣ አንቺ አታውቂም» ስለተባሉ ነው። ዐዋቂ ነው የተባለን ሰው መጠየቅ ነውር መስሎ ስለታያቸው ነው። ብሔራዊ ቡድኑ ለዓመታት በሠለጠነበት በቴክሳሱ የካሮሊ ካምፕ ደግሞ ወላጅ ከነጭራሹ አይገባም ነበር፤ ናሳር ግን ይገባ ነበር። እዚያም ልጆችን አጥቅቷል። ካምፑ የተዘጋው በዚያው በጥር 2018 ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ባለው ስፖርት ውስጥ «በሩን ለአራት ሳምንት እንዝጋው» የሚል ሰው፣ ምንም ክፉ ሐሳብ ባይኖረው እንኳ፣ ቢያንስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወላጁን አስፈቅዶ ሊናገር ይገባው ነበር። እኔ የማሠልጠኛችንን ሰዎች በምንም አልጠረጥርም፤ መልካም ሰዎች ናቸው። ነገር ግን የእነሱ መልካምነት የእኔን መቀመጫ ለመውሰድ ምክንያት አይሆናቸውም።

አሜሪካዊቷ ጂምናስት ሲሞን ባይልስ በቶኪዮ ኦሎምፒክ፣ በሐምሌ 2021፣ በአየር ላይ አካሏ የት እንዳለ ማወቅ ሲሳናት ከቡድኑ ፍጻሜ ራሷን አገለለች። ያን ጊዜ 24 ዓመቷ ነበር፤ የዓለም ሻምፒዮንነትን ደጋግማ ወስዳለች፤ ስሟን የማያውቅ ሰው አልነበረም። እንዲያም ሆኖ «አልችልም» በማለቷ የወረደባትን ስድብ ሁላችንም አይተናል። እሷ ያን ያህል ዋጋ የከፈለችበትን ቃል የሰባት ዓመቷ ልጄ፣ ውድድር ሊደርስ ሲል፣ ጓደኞቿ ሁሉ ሲዘሉ እያየች፣ ብቻዋን ሆና እንድትናገረው ነው የሚጠበቀው? በመጨረሻዎቹ አራት ሳምንታት ልምምዱ ይጠነክራል፤ ድግግሞሹ ይበዛል፤ ልጆቹ ይደክማሉ፤ አሠልጣኞቹም ይቸኩላሉ። ጉዳት የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ የተዘጋብን ደግሞ ይህ ጊዜ ነው።

በአሜሪካ በየካቲት 2018 ሕግ ከሆነው የስፖርት ደኅንነት ሕግ በኋላ የወጡት መመሪያዎች አንድ አዋቂና አንድ ሕፃን ብቻቸውን ሲሆኑ ሌላ ሰው ሊያያቸውና ሊያቋርጣቸው በሚችልበት ሁኔታ መሆን እንዳለበት ይደነግጋሉ። ማሠልጠኛው በአዳራሹ ውስጥ ከአንድ በላይ አሠልጣኝ ስላለ ሕጉን አልጣሰም ይሆናል። ሆኖም መመሪያው የተጻፈው ልጅ ሁልጊዜ በሰው ዐይን ሥር እንድትሆን መሆኑን ለመረዳት ጠበቃ መቅጠር አያስፈልግም። ደግሞም ሌላ መንገድ መኖሩን የሚያሳዩ ሰዎች ሩቅ አይደሉም። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የተወለደችው፣ በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ ከቡድኗ ጋር ወርቅ ያገኘችው ዶሚኒክ ዶውስ፣ እሷ ያደገችበት ዓይነት ጭካኔ ለልጆች እንደማይገባ በግልጽ ስትናገር ኖራ በ2020 በሜሪላንድ ክላርክስበርግ የራሷን ማሠልጠኛ ከፍታለች። በዚህ ስፖርት ጫፍ የደረሰ ሰው እንዲህ ካለ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ውድድር የምታዘጋጅ አሠልጣኝ የእናት አለመኖር ዝግጅት ነው ስትለኝ በትዕግሥት ልሰማት አልችልም።

ደብዳቤውን ሳልፈርም መልሼዋለሁ። ከሥሩም መቀመጫው ክፍት እንዲሆን፣ የሚጮኽ ወላጅ ካለ ስሙ ተጠርቶ እንዲነገረው፣ ከውድድሩ በፊት ባሉት ሁለት ቅዳሜዎችም ወላጆች በተሰበሰቡበት ልጆቹ ሊዮታርዳቸውን፣ ማለትም የውድድር ልብሳቸውን ለብሰው፣ እንደ ውድድሩ ሰላምታ ሰጥተው የሚወዳደሩባቸውን አራቱንም እንቅስቃሴዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያሳዩ ጽፌ ጠይቄአለሁ። ሌሎች አምስት እናቶችና አንድ አባት ከእኔ ጋር ፈርመዋል፤ ከእነሱ አንዱ በስብሰባው ላይ «ለሚያውቁት እንተወው» ያሉት ወንድማችን ናቸው፤ የልጄን እጅ ነገር ከነገርኳቸው በኋላ ብዕሩን ራሳቸው ጠየቁኝ። መልስ ገና አልመጣም። ሰኞ በአሥራ አንድ ሰዓት ልምምድ አለ፤ ሹሩባውን እሑድ ማታ እሠራላታለሁ፣ ሰኞም ከእሷ ጋር እገባለሁ።