አብሲቱ እንዳይረሳ
በማቴዎስ 13፥33 መንግሥተ ሰማያት በእርሾ የተመሰለችበትን ምሳሌ ከእንጀራ ሊጥ ጋር የሚያገናኝ ጽሑፍ አነበብኩ፤ ማገናኘቱ ደስ ይላል። «እርሾ ከገባ ሊጡ ራሱ ኩፍ ይላል» የሚለው የጽሑፉ አባባል ግን ጎደሎ ነው። በተለይ በጎንደር የሐምሌ ብርድ፣ ሦስት ቀን የተቀመጠ ሊጥ እንኳ ሊዘገይ ይችላል። በላዩ የጠለለውን ውኃ ደፍቶ፣ ከሊጡ አንድ ጭልፋ ያህል ቀንሶ፣ በፈላ ውኃ እሳት ላይ እያማሰሉ አብስሎ ወደ ሊጡ መመለስ፣ ማለትም አብሲት መጣል ያስፈልጋል። አብሲቱ ለብ ሳይል በትኩሱ ከተመለሰ እርሾውን ይገድለዋል፤ ጨርሶ ከቀረ ደግሞ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ምጣዱ ላይ ድፍን ይላል።

ምሳሌው የሚያበራው እዚህ ላይ ነው፤ አብሲት ከዚያው ሊጥ ወጥቶ በእሳት አልፎ የተመለሰ ነው። ከመከራ የተመለሰ ምእመንም በወንድሞቹ መካከል እንዲሁ ነው፤ ምሬቱ ሳይበርድ ከተናገረ ግን ያቃጥላል። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ሊጡን በሳህን ይዘው ለልጆች ቢያሳዩት እንዴት ጥሩ ነበር!