አጠገቧ ማን ነበረ?

እናላችሁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ትንሽዬ እጅ ፊቴን ስትነካካኝ ብንን አልኩ። ዓይኔን ስገልጥ ልጄ አልጋዬ ዳር ቆማለች። ማታ በእጄ ክሪቧ (ዙሪያው አጥር ያለው የሕፃን አልጋ) ውስጥ ያስተኛኋት የ2 ዓመት ከ5 ወር ልጅ፣ አልቅሳ እንኳን ሳትጠራን፣ ኮሪደሩን በጨለማ አቋርጣ፣ የደረጃውን አፍ አልፋ መጥታ «ነቃሁ» አለችኝ። ምን ልበላት? አንስቼ አቀፍኳት፣ ልቤ ግን ደረጃው ጋ ቀረ። ልጅ የምንከታተልበት ሞኒተር ለካ ቻርጁ አልቆ ድርግም ብሎ ተቀምጧል። ጠዋት በብርሃን ሳያት ግንባሯ ላይ እብጠት አለ፣ ማለትም ተንጠላጥላ በእግሯ አልወረደችም፣ በጭንቅላቷ ነው የወረደችው።

ሐኪም ጋ ወሰድናት። ዶክተሯ አገላብጣ አየቻትና ደህና ናት አለች፣ ከዛ ጥያቄ ጀመረች። ቁመቷ ስንት ነው? የክሪቡ ፍራሽ የመጨረሻው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው? ውስጡ ትልልቅ አሻንጉሊት ታስቀምጣላችሁ? (እሱን ረግጣ ወጥታ ይሆናል ማለቷ ነው፣ ደግሞም አለ፣ ከሷ የሚበልጥ ድብ።) ከሰዓት አገር ቤት እማዬ ጋ ደወልኩና ነገሩን አጫወትኳት። እማዬ ስለ ቁመት አልጠየቀችም፣ ስለ ፍራሽም አልጠየቀችም። ዝም ብላ ሰማችኝና «አጠገቧ ማን ነበረ?» አለች።

«ማንም። ብቻዋን እኮ ነው የምትተኛው።»

«ብቻዋን?»

ይቺ «ብቻዋን» የምትል ነገር ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ስትከተለኝ ዋለች። ምክንያቱም ሳስበው እዚህ ውጭ አገር የተኛ ልጅን የሚጠብቀው ዕቃ ነው፣ ክሪብ፣ ካሜራ፣ ደረጃ ላይ የሚገጠም የልጅ መከላከያ ጌት፣ የመሳቢያ መቆለፊያ። አገር ቤት የሚጠብቀው ሰው ነው፣ እናት ወይ አያት ወይ አክስት ወይ ራሷ ልጅ የሆነች ታላቅ እህት፣ ሕፃኑ ገና ሲንፈራገጥ በእንቅልፍ ልቧ እጇን የምትጥልበት ሰው አጠገቡ አለ። እኛ ስንመጣ ሰዎቹን እዛ ትተናቸው መጣን። ዕቃውን ደግሞ ግማሹን ገዛን፣ ግማሹን «ፈረንጅ ሲያበዛው ነው» እያልን ዘለልነው። እኔ ራሴን ነው የማወራው፣ ማንንም አይደለም፣ ያ ጌት በካርቶኑ ስድስት ወር ጋራዥ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

ወደ ነገሩ ልመለስ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የሚለው መለኪያ ብዙም የሚያስቸግር አይደለም፣ ልጁ ቁመቱ 89 ሳንቲሜትር ገደማ ከደረሰ፣ ወይም ክሪቡ ውስጥ ሲቆም አጥሩ ከደረቱ በታች ከሆነ፣ ማለትም የቁመቱን ሦስት አራተኛ ካልሞላ፣ የክሪብ ዘመኑ አለቀ ማለት ነው። የኛዋን ስንለካት 91 ሆና ተገኘች። በጭንቅላቷ የወረደችበትም ምክንያት አለው፣ አራስ ልጅ ከቁመቱ ሩብ ገደማ የሚሆነው ጭንቅላት ነው፣ ሁለት ዓመት ላይም ገና አንድ አምስተኛ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ከአጥሩ በላይ ጎንበስ ሲል ክብደቱ ወደፊት ይጎትተዋል። እኛ አዋቂዎች እግራችንን እናስቀድማለን፣ እነሱ አይችሉም።

ዕድሜ ብቻ ቢሆንማ መቸኮልም አያስፈልግም ነበር። ክሪቡ ውስጥ በሰላም የሚተኛ ልጅ ካላችሁ፣ መውጣት ካልጀመረ፣ ቁመቱም ያልኩት ጋ ካልደረሰ፣ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ተዉት ነው የምለው፣ ምክንያቱም አጥር ሲነሳ የሚለቀቀው ልጁ ብቻ አይደለም፣ የቤቱ አደጋ በሙሉ አብሮ ይለቀቃል። ብዙ ሰው ሁለተኛ ልጅ ሊወለድ ነው ብሎ ክሪቡን ለማስለቀቅ ይቸኩላል። የግድ ከሆነ ከወሊዱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ማድረግ፣ ካልሆነ ደግሞ አራሱ መጥቶ ቤቱ እስኪረጋጋ መጠበቅ ይሻላል፣ አለበለዚያ ትልቁ ልጅ አልጋዬን ቀማኝ ብሎ ሌላ ጣጣ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልል አላልፍም። እኛ ዳያስፖራዎች ክሪብ ከቤት ወደ ቤት እንቀባበላለን፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን አንዱ ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተተው የድሮ ክሪብ አሜሪካ ውስጥ ከ2011 ጀምሮ መሸጡ ተከልክሏል፣ ጎኑ እየወለቀ ሕፃናት መሃሉ ገብተው ስለታፈኑበት። ታድያ ያንን ክሪብ «ለዘመድ ልጅ ይሆናል» ብሎ ጠቅልሎ አገር ቤት የሚልክ አይቻለሁ። ለራስህ ልጅ የፈራኸውን ለእህትህ ልጅ ትልካለህ?

እና አልጋ ገባን። በኔ ቤት አልጋ ማለት አልጋ ነው፣ ልጅ እንዳይወድቅ ጎን ለጎኑ ጋርድ፣ መከላከያ አጥር ማለት ነው፣ ታደርግበታለህ፣ አለቀ። አላለቀም። ያ የሚሰካው ጋርድ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወይም በራሱ ወጥቶ መውረድ ለማይችል ልጅ አይሆንም፣ ምክንያቱም ፍራሹና ጋርዱ መሃል ክፍተት ካለ የልጁ ገላ ሾልኮ ጭንቅላቱ ይቀራል። ወድቆ ከሚመጣው እብጠት ይልቅ እዛ መሃል መቀርቀሩ ነው የሚያስፈራው። በሌላ በኩል ግድግዳው ስላለ ችግር የለም ብዬ አስጠግቼ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን አንሶላ ሳነጥፍ እጄ ሙሉ በሙሉ ገባ፣ ፍራሹ ለካ ቀስ በቀስ እየሸሸ ነው። ወይ ጥብቅ ብሎ የማይንቀሳቀስ መሆን አለበት፣ ወይ ጭራሽ ከግድግዳው ራቅ ማለት።

መጨረሻ ላይ ሚስቴ «ለምን ፍራሹን መሬት አናወርደውም?» አለች። አወረድነው፣ ተገላገልን። መሬት ላይ ያለ ፍራሽ እዚህ ስም አለው ታድያ፣ የሞንቴሶሪ አልጋ ይባላል፣ በጣልያናዊቷ ሐኪም በማሪያ ሞንቴሶሪ ስም፣ ልጁ በራሱ ገብቶ በራሱ ይውጣ ነው ሐሳቡ፣ ለሱ ተብሎ የእንጨት ፍሬም ሁሉ ይሸጣል። ፎቶውን ለእማዬ ብልክላት ሳቋን መያዝ አቃታት፣ «እኛ እኮ አልጋ አጥሮን እንጂ ስም አውጥተንለት አይደለም» አለች። ብቻ ጠዋት ጠዋት ፍራሹን አንስታችሁ ግድግዳው ላይ አስደግፉት፣ ስሩ እርጥበት ይይዝና ይሻግታል።

አሁን ክሪቡ ሄደ፣ ስለዚህ ክፍሉ ራሱ ክሪብ መሆን አለበት። ይሄን ሐሳብ ለመዋጥ ጊዜ ወስዶብኛል። ሌሊት ማንም ሳያያት የምትዞርበት ቦታ ሁሉ አንተ እንደቆምክበት ሆኖ መዘጋጀት አለበት ማለት ነው። በጉልበቴ ተንበርክኬ በሷ ቁመት ክፍሉን ዞርኩት (ሚስቴ ቪዲዮ ቀርፃኛለች፣ የትም እንዳታወጣው ለምኛታለሁ)። ከታች ሲታይ የመሳቢያ ቁምሳጥን ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? መሰላል። አንደኛውን መሳቢያ ትስባለች፣ ትወጣለች፣ ሁለተኛውን ትስባለች፣ ክብደቱ ሁሉ ወደፊት ይመጣል፣ ከዛ ላይዋ ላይ ነው። ኢኬአ በ2016 አሜሪካ ውስጥ 29 ሚሊዮን የመሳቢያ ቁምሳጥን እንዲመለስ ጥሪ ያደረገው በዚሁ ነው፣ የሞቱ ሕፃናት አሉ። መፍትሔው ሁለት ብሎንና አንድ ማሰሪያ፣ ከግድግዳው ጋር ማሰር ነው፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ። አገር ቤት ቁምሳጥኑ ከባድ እንጨት ስለሆነ ማን ይገፋዋል እንላለን፣ ግን የሚጥለው እኮ መግፋት አይደለም፣ የተከፈተው መሳቢያ ላይ መውጣት ነው፣ ከባዱ ሲወድቅ ደግሞ የባሰ ነው።

መስኮት ላይ ግን የሚገርም ነገር ታዘብኩ። አገር ቤት መስኮታችን ላይ የብረት ፍርግርግ አለ፣ ለሌባ ተብሎ የተገጠመ፣ ማንም ስለ ልጅ አስቦ አይደለም፣ ግን ልጁንም ይዞልናል። እዚህ ሌባ ስለማይፈራ መስኮቱ ባዶ ነው፣ ያለው የትንኝ መከላከያ ወንፊት ብቻ፣ ወንፊት ደግሞ ትንኝ ይይዛል እንጂ ልጅ አይይዝም፣ ተደገፈችበት ማለት ወጣች ማለት ነው። ኒውዮርክ ከተማ ከፎቅ የሚወድቁ ሕፃናት ስለበዙባት ከ1976 ጀምሮ ዕድሜው እስከ 10 ዓመት የሆነ ልጅ ያለበት አፓርትመንት አከራዩ የመስኮት መከላከያ እንዲገጥም በሕግ አስገድዳለች። እኛ ከ10 ሳንቲሜትር በላይ እንዳይከፈት የሚይዝ ማቆሚያ አስገባን፣ አልጋውንም ከመስኮቱ አራቅን። የኛ ፍርግርግ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ እሳት ቢነሳ ማን ይወጣበታል? ከውስጥ የሚከፈት ካልሆነ ወጥመድ ነው። የመጋረጃውንና የብላይንዱን ገመድም ቁረጡት ወይ ሰቅላችሁ እሰሩት፣ አንገት ላይ ሲጠመጠም ድምፅ የለውም።

በሩ ላይ ተጨቃጨቅን። ቁልፉን ገልብጠው ልጁን ከውጭ የሚቆልፉ ወላጆች አሉ፣ እኔም አንድ ቀን አሰብኩት፣ አልዋሽም። ግን ጭስ ቢነሳ በዛ ድንጋጤ ቁልፍ ትፈልጋለህ? በሩ መዘጋቱ ጥሩ ነው፣ የተዘጋ በር እሳትና ጭስን ያዘገያል ይላሉ እሳት አደጋዎች፣ መቆለፍ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ዘጋን፣ አልቆለፍንም፣ እጀታው ላይ ትንሽ ቃጭል ሰቀልን (ከዛ ሁሉ ካሜራ እሷ በለጠች)፣ ያ ጋራዥ የተኛው ጌትም ወጥቶ ደረጃው ላይ ተገጠመ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፣ ከላይ በኩል የሚገጠመው ጌት በብሎን የሚታሰረው ነው፣ በግፊት ብቻ የሚቆመው ለክፍል በር እንጂ ለደረጃ አናት አይሆንም፣ ልጅ ሲደገፈው ተያይዘው ነው የሚወርዱት። መድኃኒትና ሶኬት የመሳሰለውን አታውቁም ብዬ አልዘረዝርም።

የመጀመሪያው ሌሊት 11 ጊዜ መጣች። ምክሩ የሚለው አትቆጣ፣ አታጫውት፣ ዝም ብለህ እጇን ይዘህ መልሰህ አስተኛት ነው። ይሠራል፣ በአምስተኛው ቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ሆነ። ግን ይሄን ለእማዬ ስነግራት ድምጿ ተቀየረ፣ «ልጅ በሌሊት አንተን ብላ መጥታ ዝም ትላታለህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም፣ ዝም ማለቱ እንደሠራም አውቃለሁ፣ ሰባተኛው መመለስ ላይ ደጅ ቁጭ ብዬ ሆዴ እንደባባም አውቃለሁ።

ደግሞ አገር ቤትን ገነት አላድርገው። ቅንድቤ ላይ ያለው ጠባሳ ከአልጋ ወድቄ ያገኘሁት ነው፣ የእማዬ አልጋ ከፍታው ወገቤ ድረስ ነበር፣ ያን ሌሊት አጠገቤ ሦስት ሰው ተኝቷል፣ ሦስቱም አልሰሙም። ሰው ይደክመዋል። ከአዋቂ ጋር አንድ አልጋ መተኛትም ዓመት ላልሞላው ሕፃን ራሱ አደጋ ነው፣ ለስላሳ ፍራሽ፣ ብርድልብስ፣ የደከመ ክንድ። ያኔ የሞተ ልጅ «እግዜር ወሰደው» ነበር የሚባለው፣ እንዴት እንደሞተ የሚጠይቅ አልነበረም።

አሁን ደግሞ አገር ቤቱም ያ አገር ቤት አይደለም። ታናሽ እህቴ አራተኛ ፎቅ ገብታለች፣ እሷም ባሏም ሥራ ናቸው፣ አያት ሩቅ ናት፣ ልጇ 2 ዓመት አልፎታል፣ «የራሱ ክፍል ይኑረው» ብዬ የአልጋ ገንዘብ የላክሁት እኔው ነኝ። አልጋውን ላክሁ፣ ሌላውን ሁሉ ረሳሁት። የኛዋ ከወደቀች በኋላ ነው «እስቲ ክፍሉን አሳዪኝ» ያልኳት። ፎቶ ላከች፣ የሚያምር አልጋ፣ መስኮቱ ስር ግጥም ብሎ ተቀምጧል፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ሌባ አይወጣም ተብሎ ነው መሰለኝ ፍርግርግ የለም።

ደወልኩ። «ጋሼ አንተ ደግሞ ስታካብድ» አለችኝ። የኛዋን እብጠት ፎቶ ላክሁላት፣ ዝም አለች፣ ከዛ ትራፓኖ ያለው ሰው እስኪገኝ አልጋውን ወዲያ እንገፋዋለን አለች። ማታ ላይ አዲስ ፎቶ መጣ። አልጋው እውነትም ተነስቶ ጥግ ሄዷል። በቦታው መስኮቱ ስር ባለ አራት መሳቢያውን ቁምሳጥን አስቀምጠውታል።

እንደገና ደወልኩ።