ጉማሬ ሲመጣ እኔን አስቀደመኝ

አክስቴ ተቆጥታኛለች። ያልተሳካ ቀጠሮዬን ለቡና ጎረቤት ሁሉ አወራሁ ብላ ነው። «እንዲህ ያለውን ሆድ ይፍጀው ነው የሚባለው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ሆዴ ብዙ ፈጅቷል፤ በቃው ባይ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓደኛዬ ያስተዋወቀችኝ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። ሲያዩት ደህና ሰው ነው። ሥራ አለው፤ ሽቶው ከባጃጁ ቀድሞ ይደርሳል። ጀልባ ተከራይተን ከባሕር ዳር ወደ አባይ መውጫ ሄድን።

ገና ከዳር ሳንርቅ ማስተማር ጀመረ። የጣና ወለል አይታወቅም አለኝ። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። አባይ የሚነሳው እዚሁ ነው አለኝ። ግልገል አባይ ሰከላ፣ ግሽ አባይ ተነስቶ ጣና እንደሚገባ እዚህ አገር ልጅ ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን «እውነት?» አልኩ። «ኧረ ባክህ!» አልኩ። በልጅነቴ የተንቦራጨቅኩበትን ውሃ ትናንት እንደመጣ ቱሪስት አፌን ከፍቼ ሰማሁ።

አባይ መውጫው ጋ ስንደርስ አንድ ጉማሬ ብቅ አለ። ሩቅ ነው። ጆሮውን አራገበ፤ ሌላ ምንም አላደረገም። ዞር ስል አስተማሪዬ ቦታው የለም። ከጀርባዬ ተሸጉጦ ሁለት ትከሻዬን ይዟል። ባለ ጀልባው አየን። ጀልባውን አዙሮ ቆየና ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦

«እታለም፣ ወንድምሽ ነው?»

«አይ፣ እንግዳ ነው» አልኩት።

የአሳ ጥብሱን ማን እንደከፈለ አትጠይቁኝ። ቴሌብር እምቢ አለው።

ያን ማታ አልሳቅኩም፤ አለቀስኩ። ሠላሳን ያለፈች ሴት ባሕር ዳር ውስጥ «ድግሱን መቼ ነው የምንበላው?» ሳትባል አንድ ቅዳሜ አታልፍም። ሳምንት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። ሐይቁ ላይ የደንገል ታንኳ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ውሃ ላይ ከቆየ እየጠጣ ይከብዳል። ባለቤቶቹ ወደ ዳር ጎትተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። እኔም መሰጣት ነበረብኝ።

ያሰጣኝ አዝማሪ ነው። ጓደኞቼ ጎትተው አዝማሪ ቤት ወሰዱኝ። ማሲንቆውን ይዞ ፊቴ ሲቆም «ተቀበል!» አልኩት፤ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

ወዳጄስ ጨዋ ነው፣ መቼ አስቀየመኝ፤
ጉማሬ ሲመጣ፣ እኔን አስቀደመኝ።

ሰሙን የሰማ አክብሮ አስቀደማት ይላል። ወርቁን ጓደኞቼ ያውቁታል። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አዝማሪው ሦስቴ ደጋገመው። በሦስተኛው ላይ የሳቅኩት ግን በሰውዬው አልነበረም፤ በራሴ ነው። እሱ ፈራ፤ ጉማሬ ያስፈራል። እኔስ? የማውቀውን እንደማላውቅ ሆኜ አንድ ሰዓት ሙሉ የተቀመጥኩት ምን ፈርቼ ነው? ዝም ብዬ ባለቅስ ኖሮ ይህን ጥያቄ አልጠይቅም ነበር። እሱን እያማረርኩ እኖር ነበር።

መቼም እዚህ ከተማ መገናኘትም ቀላል አልነበረም። ነሐሴ 2015 የሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ በዚያ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፍቶ ሳለ፣ ቀጠሮ የያዘ ሰው ሲቀር መንገድ ተዘግቶበት ይሁን ልቡ ተዘግቶ አይታወቅም ነበር። ለስንቱ ምክንያት ሆነለት!

ሁሉም ይሳቅበት አልልም። የሚያስፈራራ፣ እጁን የሚያነሳ፣ ቤት ድረስ ተከትሎ የሚመጣ ሰው ቀልድ አይደለም። እሱ የሚነገረው ለአዝማሪ ሳይሆን ለሕግ ነው። የኔ ግን ጉማሬ ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ነገርኳት። ስንኙንም አልኩላት። ፊቷን አጥቁራ ጀበናዋን አነሳች፤ ቶናውን ቀዳች። ከንፈሯ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ይታገላታል። ስኒውን አቀበለችኝና ወደ በሩ አየት አደረገች፤ የሚሰማ እንዳለ ልታጣራ።

«እሺ» አለች፣ «የኔን ግን ለጎረቤት አታወሪም። በኛ ጊዜ በበቅሎ የመጣ አንድ ሰው ነበር...»